«ሰጠ» እና «ሸጠ» የሚለዩበት ስክሪን፦ የስምንት መቀመጫ ሞኒተር ምርጫ በጎንደር

ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፒያሳ አካባቢ ላለ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ሥልጠና ቤት የስምንት መቀመጫ ሞኒተር ምርጫ ዛሬ ተጀመረ። በእጅ ያሉት አሥራ አንድ ያገለገሉ ሞኒተሮች ናቸው። ሁለት አዲስ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ተይዟል፤ ከዚያ በላይ አይጨመርም። ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚጻፈው አማርኛ ነው፦ ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር ደብዳቤ። ስለዚህ ስክሪኑ ቪዲዮ ሲያሳይ ማማሩ እዚህ አይቆጠርለትም።

በፕላስተር ላይ መለያ ተጽፎ በየጀርባቸው ተለጠፈ።

ቱ1፣ ቱ2፣ ቱ3፦ ባለ ቱቦዎቹ ወፍራሞች (ሲአርቲ)። 17 ኢንች ይባሉ እንጂ የሚታየው የመስታወቱ ክፍል 16 ኢንች ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ ከፊት እስከ ኋላ 42 ሴንቲ ሜትር ናቸው።

ፍ1 እስከ ፍ5፦ የመጀመሪያው ዘመን ፍላት። ኤልሲዲ ናቸው፤ ከኋላ ብርሃን የሚሰጣቸው እንደ እርሳስ ውስጥ ያለው ከሰል የቀጠነ የፍሎረሰንት መብራት ነው። 17 ኢንች፣ ወደ ካሬ የተጠጋ ቅርጽ፣ 1280 በ1024 ፒክሰል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች)።

ኤ1፣ ኤ2፣ ኤ3፦ ኋለኞቹ ፍላቶች። ብርሃናቸው ኤልኢዲ፣ ሰፊ ቅርጽ፣ 18.5 ኢንች፣ 1366 በ768 ፒክሰል።

ለሁሉም አንድ መፈተኛ ገጽ ተዘጋጀ። ኒያላ በሚባለው ፊደል፣ በ10 ነጥብ መጠን፣ ነጭ ላይ በጥቁር፦

ቤቱን ለወንድሙ ሰጠ። ቤቱን ለወንድሙ ሸጠ።
ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ፣ ከ ኸ፤ ቲ ቴ፣ ሊ ሌ፣ ሚ ሜ።

«ሰ» አናቷ ላይ አግድም ጭረት ሲጨመርላት «ሸ» ትሆናለች። በ10 ነጥብ መጠን አንድ ፊደል የሚደርሰው ቁመት 13 ፒክሰል ገደማ ነው፤ ጭረቷ ከአንድ ፒክሰል ብዙ አትበልጥም። ያቺ አንድ መስመር ከሥሯ ካለው ቅርጽ ጋር ከተቀላቀለች ስጦታው ሽያጭ፣ ሽያጩም ስጦታ ሆኖ ይነበባል። ውል ላይ ይህን ዓይነት ስሕተት አራሚም ላያገኘው ይችላል፤ ሁለቱም ዓረፍተ ነገር ትክክል ናቸውና። ሞኒተሮቹ የሚመረጡት በዚህ መስመር ነው።

ማብራት ሳያስፈልግ በወረቀት የሚሠራም ስሌት አለ። የአግድሙ ፒክሰል ካሬና የቁሙ ፒክሰል ካሬ ተደምረው፣ ስኩዌር ሩቱ ተወስዶ፣ በስክሪኑ ሰያፍ ኢንች ሲካፈል በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክሰል እንዳለ ይገኛል። በዚህ ስሌት አሮጌዎቹ 17 ኢንቾች 96 ያህል አላቸው። ከእነሱ በኋላ የተሠሩት 18.5 ኢንቾች 85 ብቻ። አዲስ ሊገዛ የታሰበው 21.5 ኢንች በ1920 በ1080 ሲሆን 102 ይሆናል፤ በዚያው ፒክሰል ወደ 27 ኢንች ከተሄደ ግን 82 ላይ ይወርዳል። ትልቅ ስክሪን የጠራ ስክሪን ማለት አለመሆኑን ለባለቤቶቹ ከገበያ በፊት ማስረዳት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ቁመቱም ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ኤ4 ገጽ በዎርድ ላይ በ100 ፐርሰንት ሲታይ ቁመቱ 1123 ፒክሰል ነው። ከላይ የትእዛዝ ረድፉ፣ ከታች የዊንዶውስ መስመሩ አንድ ላይ 230 ያህል ይወስዳሉ። 1024 ቁመት ያለው ስክሪን የገጹን 71 ፐርሰንት፣ 1080 ያለው 76፣ 768 ያለው 48 ብቻ ያሳያል። በ768 የሚጽፍ ሰው የውሉን መግቢያና ፊርማውን አንድ ላይ አያይም፤ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል።

ግንቦት 19

የጀርባ ጽሑፋቸው ተነበበ። መጀመሪያ የሚፈለገው የመግቢያ ቮልቴጅ ነው። 100–240 የሚል ከሆነ የማታው የቮልቴጅ መውረድ አያሳስበውም፤ ዛሬ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሶኬቱ 178 ቮልት ሲያሳይ ሁሉም ፍላቶች ሳይርገበገቡ ሠርተዋል። እንዲህ ላለው ሞኒተር ስታቢላይዘር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚጎዳው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ቅጽበታዊ ግፊት ነው። ስለዚህ ሲጠፋ ዲቫይደሩን ማጥፋት፣ ከተመለሰ በኋላ ሦስት አራት ደቂቃ ቆይቶ ማብራት።

ኤ2 ያለ አዳፕተር ነው የመጣው። ጀርባው ላይ 14 ቮልት፣ 1.79 አምፔር ይላል። መሳቢያ ውስጥ ያለው የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ነው፤ ጫፉ ቢገጥምም አይሰካም። ደንቡ፦ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የመካከለኛው ቀዳዳ ምልክት (ፕላስ ወይም ማይነስ) አንድ ዓይነት። 14 ቮልት 2 አምፔር ተገኝቶ ሠርቷል።

የተገዛው አዳፕተር ላይ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ። ከቻይና በሚመጡ ዕቃዎች ላይ ይህ ምልክት ማለት በውስጡ ባሉት የከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍሎች መካከል ያለው የአየር ክፍተት የተለካው ከ2,000 ሜትር በታች ላለ አየር ነው ማለት ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ ክፍተት ለመዝለል ይቀለዋል፤ የማቀዝቀዝ ኃይሉም ይቀንሳል። ነገ ይቃጠላል ማለት አይደለም፤ ግን ምንጣፍ ላይ ወይም በወረቀት ክምር ሥር አይቀመጥም። ምልክቱ የሌለበት ወይም 5000 የሚል ከተገኘ እሱ ይመረጣል።

ግንቦት 21

የወፍራሞቹ ተራ።

ያላቸውን ብልጫ መካድ ተገቢ አይደለም። ቱቦ ቋሚ ፒክሰል ስለሌለው 800 በ600 ቢሉትም 1024 በ768 ቢሉትም ሁሉንም እኩል አድርጎ ያሳያል፤ ፍላት ግን ከተሠራበት መጠን ውጪ ሲታዘዝ ይደበዝዛል። ጥቁሩም እውነተኛ ጥቁር ነው፤ ከየትኛውም ጎን ቢታይ ቀለሙ አይለወጥም።

ችግሩ ከጽሑፍ ጋር ሲገናኝ ይጀምራል። የነዚህ ቱቦዎች የቀለም ነጠብጣብ ርቀት 0.27 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚታየው ስፋት 325 ሚሊ ሜትር። በ1280 ፒክሰል ሲታዘዝ አንዱ ፒክሰል 0.254 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከነጠብጣቡ ያንሳል፤ «ሸ» አናቷን ታጣለች። በ1024 በ768 ሲሆን 0.317 ስለሚሆን ያድናታል፤ ያኔ ግን ወደ 768 ቁመት ተመልሰናል። ሌላው የማደስ ፍጥነቱ፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚሣል ነው። በ60 ኸርዝ ነጭ ገጽ ይርገበገባል፤ ዓይን የሚያርፈው 85 ላይ ነው። ቪጂኤ (የቆየው የሞኒተር ገመድ መሰኪያ) የሌላቸው ሁለቱ ኮምፒውተሮች ደግሞ ከኤችዲኤምአይ (ከአዲሱ መሰኪያ) ወደ ቪጂኤ በሚቀይር መቀየሪያ ሲገናኙ ከ60 በላይ አልሰጡም።

ቱ2 የግራ ላይኛው ጥጉ ወይን ጠጅ መሳይ ቀለም ይዟል። ምክንያቱ መደርደሪያው ላይ አጠገቡ የተቀመጠው ስታቢላይዘር ነበር፤ በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር መግነጢስ የኤሌክትሮኑን ጨረር ያጣምመዋል። ስታቢላይዘሩ አንድ ሜትር ራቀ፤ ከሜኑው ዲጋውስ (የተጠራቀመ መግነጢስ ማጥፊያ) የሚለው ተጫነ። አንዴ ካልጠራ ወዲያው መድገም አይሠራም፤ ውስጡ ያለው የሙቀት ሬዚስተር እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። በሁለተኛው ጠራ። ጥቂት መጣመም ግን ቀረ፤ ቱቦዎች በፋብሪካ የሚስተካከሉት ለሚሸጡበት የዓለም ክፍል መግነጢስ ነው። የመግነጢስ ወገብ ደግሞ በአዲስ አበባ አካባቢ ስለሚያልፍ ለአውሮፓ የተስተካከለ ቱቦ እዚህ በልኩ አይቀመጥም። ሜኑው ውስጥ ማዞሪያ ስላለ በዚያ ተስተካከለ።

ቱ1 እንደተከፈተ ከጀርባው «ስስስ» የሚል ድምፅና ከመብረቅ በኋላ ያለውን አየር የመሰለ ሽታ ሰጠ። ኦዞን ነው። የ25,000 ቮልት ገመዱ ቱቦው ላይ በሚያርፍበት ጎማ ዙሪያ የተከማቸ አቧራ እርጥበት ስቦ ኤሌክትሪኩን ያስተላልፋል፤ የሳሳው አየራችን ደግሞ ያግዘዋል። ክረምት ሲገባ ይብሳል። ወዲያው ከሶኬት ተነቀለ። ሽፋኑ አልተከፈተም፤ ቱቦ ከተነቀለም በኋላ ቻርጁን እንደ ካፓሲተር ይዞ ስለሚቆይ ያልሠለጠነ እጅ አይገባበትም።

በዋት መለኪያ ቱ2 82፣ ቱ3 77 ዋት ወሰዱ። የቤቱ ጠረጴዛ ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ላይ 42ቱን ቱቦው ከወሰደ ለኪቦርድና ለክንድ 18 ይቀራል። ሦስቱም ከምርጫ ወጡ።

አይሰበሩም፣ ቆሻሻ ላይም አይጣሉም። የኋለኛው ፈንል መሳይ መስታወት ብዙ እርሳስ ብረት አለበት። የከተማው መጠጥ ውኃ ከአንገረብ ግድብ እንደሚቀዳ እያወቁ ይህን በየወንዙ ዳር መጣል አይገባም። በካርቶን ተደርገው፣ አንገታቸው ተጠቅልሎ፣ ዕቃ ቤት ተቀምጠዋል።

ግንቦት 24

ፍ1 እና ፍ2 ጤነኞች ናቸው። መብራታቸው ከ30 ደቂቃ ማሞቂያ በኋላ ነጭ ነው፤ ሲነሱ ትንሽ ቢጫ ይላሉ።

ጽሑፉ ላይ ግን ፍ2 ችግር አሳየ። ከጸሐፊዎቹ አንዷ መፈተኛውን ገጽ ስታነብ «ጋሼ፣ ይችኛዋ እኮ ‹ሸ› አናት የላትም» አለች። «እስቲ አውቶ የሚለውን ተጫኚው፣ እታለም።» ተጫነችው፤ ግማሽ ተሻለ። ምክንያቱ ቪጂኤ ነው። ቪጂኤ በ1987 እ.ኤ.አ. ለቱቦ የተሠራ፣ ምስሉን እንደ ሞገድ የሚልክ መስመር ነው። ፍላቱ ሞገዱን መልሶ ወደ ፒክሰል ሲቆርጥ ጊዜውን ከሳተ እያንዳንዱ ፒክሰል ከጎረቤቱ ጋር ይደራረባል። አውቶ የሚለው ቁልፍ በትክክል የሚሠራው ስክሪኑ ላይ ዳር እስከ ዳር የሞላና ጥቃቅን ነገር ያለበት ምስል ሲኖር ነው። ባዶ ሰማያዊ ዴስክቶፕ ላይ መጫን ዋጋ የለውም። አንድ ፒክሰል ጥቁር፣ አንድ ፒክሰል ነጭ የሆነ የቼዝ ገበታ መሳይ ሥዕል በፔይንት ተሠርቶ፣ ሙሉ ስክሪን ተደርጎ፣ እንደገና ተጫነ። ከዚያም ሜኑው ውስጥ ፌዝ የሚለው (የሞገዱን መቁረጫ ጊዜ ማስተካከያ) በአንድ በአንድ ከ31 ወደ 38 ሄደ። 36 ላይ ግራጫው ሥዕል መርገብገቡን ተወ፤ «ሸ»ም አናቷን አገኘች።

ፍ1 ከቪጂኤው ጎን ነጭ የዲቪአይ ቀዳዳ አለው። ይህ ካለ ድካሙ ሁሉ ይቀራል። ዲቪአይና ኤችዲኤምአይ የሚልኩት ዲጂታል ምስል አንድ ዓይነት ስለሆነ በሁለቱ ጫፍ የተለያየ ተራ ገመድ ይበቃል፤ መቀየሪያ ዕቃ አያስፈልግም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ሲሆን ግን ውስጡ ቺፕ ያለበት መቀየሪያ ግድ ነው፤ ተራ ገመድ ሆኖ የሚሸጥ ካለ አይሠራም። አቅጣጫውም ይነበብ፦ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለው ሌላ ዕቃ ነው። አሮጌ ፍላት ሲገዛ የዚህች ነጭ ቀዳዳ መኖር ከምርቱ ዓመት ይበልጣል።

ግንቦት 26

ፍ3 እና ፍ4 ሲበሩ ምስላቸው ሁለት ሰከንድ ታይቶ ይጨልማል፤ የፊቷ ትንሽ መብራት ግን እንደበራች ናት። በእጅ ባትሪ ከጎን ሲበራባቸው ምስሉ ደብዝዞ ይታያል። ስለዚህ ፓነሉ (ምስሉን የሚሠራው መስታወት) ሕያው ነው፤ የሞተው የኋላ ብርሃኑ ነው።

አከፋፈት፦ የእግሩ ቡሎኖች በካቻቢቴ ይፈታሉ፣ ከዚያ ክፈፉ በአሮጌ የሞባይል ካርድ ዙሪያውን ይነቀላል። ቢላ ከገባ ፓነሉን ይቧጥጣል። የኃይል ቦርዱ ላይ 450 ቮልት የሚል ትልቅ ካፓሲተር አለ። 220 ቮልት ሲቃና 310 ያህል ስለሚሆን ያንን ይዞ ይቆያል። 2.2 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ ታስሮ ለአምስት ሰከንድ ሁለቱን እግር ያገናኛል፤ ከዚያ በመልቲሜትር ዜሮ መድረሱ ይረጋገጣል። በካቻቢቴ ማጋጨት ብልጭታው ቦርዱንም ሰውንም ይጎዳል።

ፍ3 ላይ ሁለት ባለ 1000 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት፣ አንድ ባለ 470 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጧል። ሲነሳ የመብራቱ ክፍል ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ያበጠው ካፓሲተር ያንን መሸከም አቅቶት ቮልቱ ይወድቃል፣ መከላከያው ይዘጋዋል። ሁለት ሰከንዷ ይህች ናት። የተተካው 105 ዲግሪ የሚል፣ ለስዊቺንግ የኃይል ቦርድ የተሠራ ዓይነት ነው። ማይክሮፋራዱ እኩል ይሁን፤ ቮልቱ 35 ቢሆንም ችግር የለውም፣ ቦታው ከበቃው። ነጭ መስመር ያለበት ጎን ማይነስ ነው። ከወደቀ የኮምፒውተር ኃይል ሳጥን የተፈታ ካፓሲተር አይገባም፤ እሱም ዕድሜውን ጨርሷል። አሮጌው ስታኞ በደንብ ቀልጦ ካልተመጠጠ እግሩ ሲሳብ የቦርዱን መዳብ ይዞ ይነሳል።

ፍ3 በአርባ ደቂቃ ተነሣ፤ ሦስት ሰዓት ሠርቶ አልጠፋም።

ፍ4 ላይ ካፓሲተሮቹ ደኅና ነበሩ። ጤነኛ መብራት በየመሰኪያው ቢሞከርም ያው ይዘጋል። ለመብራቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው የኢንቨርተሩ ሁለት ትራንስፎርመሮች ሲለኩ የአንዱ ውጪ ጥቅል 900 ኦም አሳየ፤ ሌላው ተበጥሷል። ፓነሉ መካከል ላይም ቀጥ ያለ ቋሚ መስመር አለው። ይህ ከመስታወቱ ጋር በተጣበቀው ቀጭን ሪቦን ላይ ያለ ብልሽት ስለሆነ አይጠገንም። ፍ4 ለዕቃ ተቀመጠ፤ የኃይል ቦርዱ ካፓሲተሮችና እግሩ ይጠቅማሉ።

ግንቦት 29 እና 30

ፍ5 የዚህ ሥራ ረጅሙ ጉዳይ ሆነ። ኃይሉ ደኅና ነው፣ ፓነሉ ንጹሕ ነው፤ መብራቶቹ ግን ጫፋቸው ጠቁሮ ቀይ ያበራሉ። ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ፍሎረሰንት ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ወደ ኤልኢዲ መቀየሩ ተመረጠ። የተገዛው ጥቅል ሁለት ባለ 540 ሚሊ ሜትር የኤልኢዲ ጥብጣብና ኤልኢዲውን የምታበራ አንዲት ትንሽ ነጂ ቦርድ አለው።

አቧራ የዚህ ሥራ ጠላት ነው፤ የግንቦት አቧራ ደግሞ ይታወቃል። ወለሉ ውኃ ተረጭቶ ተጠረገ፣ በርና መስኮት ተዘጋ፣ ጠረጴዛው ላይ የታጠበ ነጠላ ተነጠፈ። ፓነሉ ከብረት ክፈፉ ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነበር፦ መስታወቱ፣ ሦስት ስስ ብርሃን በታኝ ሉሆች፣ ወፍራሙ ግልጽ ፕላስቲክ፣ ነጩ አንጸባራቂ። የእያንዳንዱ ሉህ የላይኛ ቀኝ ጥግ በእርሳስ ተመለከተ፤ አንዱ ቢገለበጥ ስክሪኑ ደብዛዛ ይሆናል። መስታወቱ ሲነሣ ሪቦኑ እንዳይታጠፍ ሁለት ሰው ይዞታል።

ፍሎረሰንቶቹ ከላይና ከታች፣ በየብረት ቦያቸው ሁለት ሁለት ሆነው ነው የተቀመጡት። በየጫፋቸው ካለው ጎማ ጋር ተጎትተው ይወጣሉ፤ መጠምዘዝ ይሰብራቸዋል። ውስጣቸው ጥቂት ሜርኩሪ አለ። ቢሰበር መስኮት ተከፍቶ ሰው ለሩብ ሰዓት ይውጣ፤ ከዚያ በእርጥብ ወረቀት ይጠረግ፣ በመጥረጊያ አይሆንም።

ቦያው ሲለካ 342 ሚሊ ሜትር ሆነ። ጥብጣቡ የሚቆረጠው በየሦስት ኤልኢዲ ባለው ምልክት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ የተቆረጠ እስከ ምልክቱ ያለው አይበራም። ቅርቡ ምልክት 338 ላይ ነበር፤ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ተትቶ መካከል ላይ ተለጠፈ። ኤልኢዲዎቹ የፕላስቲኩን ጠርዝ ፊት ለፊት ማየት አለባቸው። በመጀመሪያው ሙከራ የታችኛው ጥብጣብ ማጣበቂያው ተጨማዶ አንዱ ቦታ ላይ ቀና አለ፤ ሲበራ እዚያው ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ጥላ ወጣ። ተነቀለ፣ ቦያው በአልኮል ተጠረገ፣ በጠፍጣፋ እንጨት እየተጫነ እንደገና ተለጠፈ።

ነጂዋ ቦርድ አራት ሽቦ አላት፦ ኃይል፣ መሬት፣ ማብሪያ፣ ብርሃን መቆጣጠሪያ። ሁሉም ወደ አሮጌው ኢንቨርተር ይገቡ ከነበሩት መስመሮች ይወሰዳሉ። በመልቲሜትር አንዱ መስመር ያለማቋረጥ 14 ቮልት ሰጠ፤ ኃይሉ እሱ ነው። ሌላው ሞኒተሩ ሲጠፋ ዜሮ፣ ሲበራ 3.3 ሆነ፤ ማብሪያው ነው። ሦስተኛው በሜኑ ብርሃን ሲጨመርና ሲቀነስ ተንቀሳቀሰ። ነጂዋ ከመገናኘቷ በፊት የአሮጌው ኢንቨርተር ፊውዝ ተነቀለ፤ አለዚያ ባዶውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲያመነጭ ይውላል።

በራ። ግን ሜኑው ላይ ብርሃን 100 ሲባል ይደበዝዛል፣ 0 ሲባል ይደምቃል። አሮጌው ኢንቨርተር የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ ከነጂዋ ተቃራኒ ነበር። መቆጣጠሪያውን ከማብሪያው ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ያኔ ሁልጊዜ ሙሉ ብርሃን ይሆናል፣ ለጽሑፍ ግን ይበዛል። ተገላቢጦሹን መተው ተሻለ። ክፈፉ ላይ «ብርሃን ለመጨመር ቁጥሩን ይቀንሱ» የሚል ተለጠፈ፤ በ35 ላይ ተቀመጠ። ከ33 ዋት ወደ 19 ወረደ።

ሰኔ 3

ኤ1፣ ኤ2፣ ኤ3 በአንድ ቀን አለቁ። ቀላል ናቸው፣ 17 ዋት ይወስዳሉ፣ ወዲያው ይበራሉ። ፓነላቸው ቲኤን ነው፤ ከታች ወደ ላይ ሲታዩ ቀለማቸው ይገለበጣል። ኤ3 ብርሃኑ ከ40 በታች ሲሆን ይርገበገባል፤ እርሳስ ከፊቱ በፍጥነት ሲወዛወዝ ብዙ እርሳስ ሆኖ ይታያል። ይህ የሚሆነው ብርሃኑን የሚቀንሰው ኤልኢዲውን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለሆነ ነው። ብርሃኑ 70 ላይ ተደርጎ፣ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን እኩል ወደ 75 ሲወርድ እርሳሱ አንድ ሆነ።

«ሰጠ» እና «ሸጠ» ይለያሉ፤ የ85ቱ ፒክሰል ግን ፊደሉን ትልቅና ሸካራ ያደርገዋል። ቁመታቸው 768 ስለሆነ ለጸሐፊ አልተሰጡም። ሁለቱ ለሥልጠናና ደንበኛ ጽሑፉን ቆሞ ለሚያይበት መቀመጫ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ።

ሰኔ 7

የአዲሶቹ ግዢ። ገበያ ላይ «ፉል ኤችዲ» (1920 በ1080) ተብሎ የቀረበው የመጀመሪያው ሲሰካ ዊንዶውስ የመከረው መጠን 1366 በ768 ነበር። ካርቶኑ የሚለው ሞኒተሩ የሚቀበለውን ምልክት እንጂ ፓነሉ ያለውን ፒክሰል አይደለም። ላፕቶፕ ይዞ ሄዶ፣ ሰክቶ፣ በማሳያ ቅንብሩ ውስጥ የተመከረው መጠን የሚለውን ማንበብ ነው። የተመረጡት ሁለቱ 21.5 ኢንች፣ 1920 በ1080፣ አይፒኤስ ፓነል (ከጎን ሲታይ ቀለሙ እምብዛም የማይለወጥ)፣ ቪጂኤም ኤችዲኤምአይም ያላቸው ናቸው። ቪጂኤው ለቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ያስፈልጋል፤ ትልልቆቹ አምራቾች በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቪጂኤን እስከ 2015 እንደሚተዉ ስላስታወቁ በየጊዜው እየጠፋ ነው። ከመክፈል በፊት ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሞሉ ስላይዶች ታይተዋል፤ አንደኛው ላይ ጥቁር ሲሆን የሚያበራ ነጥብ ስላለ ተቀይሯል።

ሰኔ 10

የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ሙከራ። 650 ቪኤ፣ ባትሪው ሁለት ዓመት ያገለገለ። ኮምፒውተር ከቱ3 ጋር 9 ደቂቃ፤ ያው ኮምፒውተር ከፍ1 ጋር 15፤ ከአዲሱ ጋር 20። ዘጠኝ ደቂቃ ጀነሬተር ለማስነሳት ይበቃል፤ የተጀመረ ውል ጨርሶ አትሞ ለመስጠት ግን አይበቃም።

ሰኔ 12

አቀማመጥ። የቤቱ መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው፤ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ፀሐይ ይገባል። ስክሪኖቹ ለመስኮቱ ጎናቸውን እንዲሰጡ ጠረጴዛዎቹ ዞሩ። 1 እና 2 ገጽ ለሚያሰናዱት፣ አዲሶቹ። ከ3 እስከ 6 ለጸሐፊዎቹ፦ ፍ1 በዲቪአይ፣ ፍ2 በቪጂኤ ፌዝ 36፣ ፍ3፣ ፍ5። 7 ኤ1፣ 8 ኤ2። ሁሉም በተሠሩበት መጠን፤ ፊደል ለሚያንሰው ሰው መጠኑ የሚጨመረው በዎርድ ማጉያ ነው፣ የስክሪኑን ፒክሰል በመቀነስ አይሆንም። ክሊርታይፕ (የዊንዶውስ ፊደል ማጥሪያ) በእያንዳንዱ ላይ ለብቻው ተስተካክሏል።

ሰኔ 20

ፍ5 ስምንት ቀን ሠርቷል፤ 19 ዋት ላይ ነው፤ የታችኛው ጠርዝ እኩል ያበራል። ፍ3 ጠዋት ሲነሣ አልዘገየም። ፍ2 ገመዱ በጽዳት ጊዜ ተነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስለተሰካ ፌዙ ተዛብቶ ነበር፤ በቼዝ ገበታው ሥዕል እንደገና 34 ላይ ተቀመጠ። ሥዕሉ በስምንቱም ኮምፒውተሮች ዴስክቶፕ ላይ ተቀድቷል፤ የፍ2 ገመድ ሁለቱም ቡሎኖች ጠብቀዋል።